ከዘጌ ተነሥታ ጄኔቫ የምትደርስ ቁጥር

ይድረስ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የጤና ሙያ ለምትማሩ፣ ሥራም ለጀመራችሁ ልጆቻችን፤

የዓለም ጤና ድርጅት ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚመጣላችሁ ሰማያዊ አርማ የተለጠፈበት ነጭ መኪና ነው። ድርጅቱ ግን በሽተኛ የሚያስተኛ አይደለም፤ መንግሥትንም አያዝም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም ከተሰጡት ሥራዎች ትልቁ ልክ ማውጣት ነው፤ ሀገሮች በሽታን በአንድ መስፈሪያ እንዲሰፍሩ ማድረግ። መስፈሪያው የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ጄኔቫ ይውጣ እንጂ ሰፋሪዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ዘጌ፣ ቁንዝላ፣ ጎርጎራ ላይ።

የጣና ዳር ሰው የሚያውቀውን፣ ውኃ ውስጥ የሚይዘውን የትል በሽታ ቢልሃርዚያን እንውሰድ። የድርጅቱ የ2022 መመሪያ፣ ከሕዝቡ 10 በመቶና ከዚያ በላይ በተያዘበት አካባቢ ከ2 ዓመት ጀምሮ ያለ ሰው በዓመት አንዴ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትሉን መድኃኒት ይውሰድ፣ ቢያንስ 75 በመቶው ይዳረሰው ይላል። ኪኒኑን የጀርመኑ መርክ ኩባንያ በዓመት እስከ 250 ሚሊዮን ፍሬ በድርጅቱ በኩል በነጻ ያቀርባል። ለኢትዮጵያ ስንት ይምጣ የሚባለው ጤና ሚኒስቴር በሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ የጥያቄው ቁጥር ደግሞ ከቀበሌ ተነሥቶ በወረዳና በክልል እየተደመረ የወጣ ነው። ታች የተሳሳተ ቁጥር ከርሞ ተመልሶ ይመጣል፤ ወይ ኪኒን ያጥራል፣ ወይ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል።

ያቺ 10 በመቶ የምትገኘው ከሰገራ ምርመራ ነው። ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ ሰገራው በወንፊት ይጣራል፣ 41.7 ሚሊግራም በሚይዝ ቀዳዳ ይሰፈራል፣ በግሊሰሪን የተነከረ ሴሎፎን ይለብሳል፣ ከዚያ ይቆጠራል። የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ውስጥ ያለውን ይነግራችኋል፤ ከ100 በታች ቀላል፣ እስከ 399 መካከለኛ፣ ከ400 ጀምሮ ከባድ ነው። ቀዳዳው በደንብ ካልሞላ 24ቷ ዋጋ የላትም። አንድ ስላይድ ብቻ ካያችሁ ቀላሉ ሕመም ያመልጣችኋል፤ ሁለት ሥሩ። በዚያው ስላይድ የሚታየውን የሌላውን የአንጀት ትል፣ የመንጠቆ ትልን እንቁላል ግሊሰሪኑ ስለሚያጠፋው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ መነበብ አለበት። ጎኑ ላይ እሾህ ያለው የቢልሃርዚያ እንቁላል ግን ቢቆይም ይታያል። ጠዋት ያዘጋጀውን ስላይድ ከምሳ በኋላ የሚያነብ ባለሙያ፣ መንጠቆ ትልን ከወረዳው አጠፋሁ ብሎ ሪፖርት ሊጽፍ ነው።

ኪኒኑ የሚሰጠው በቁመት ልክ ነው። ባለ 600 ሚሊግራሙ ኪኒን ከ110 እስከ 124 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ አንድ ተኩል፣ ከ138 እስከ 149 ለሆነ ሁለት ተኩል ይሰጣል። መለኪያውን እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፤ ልጁ ጫማውን ያውልቅ። የሚያለቅሰውን ሕፃን ይዛችሁ በግድ አታስውጡት፤ ሊታነቅ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ባዶ ሆድ ተጠንቀቁ። ፕራዚኳንቴል በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስታውካል። በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር እህል ያልቀመሰ ተማሪ ሰልፍ ላይ ካስታወከ፣ ወሬው ማታውን ሰፈር ያዳርሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት እናቶች ልጆቻቸውን ያስቀራሉ። ቀኑን ከርእሰ መምህሩና ከደብሩ ካህናት ጋር ተነጋግራችሁ ቁረጡ፤ ዳቦና ውኃ ሳይዘጋጅ ሥራ አትጀምሩ።

መቶኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትምህርት ቤቱ 400 ልጆች መዝግቦ 380 ከዋጡ 95 በመቶ ተብሎ ይጨበጨባል። በቀበሌው ለትምህርት የደረሱት 600 ቢሆኑስ? ሽፋኑ 63 በመቶ ነው። የቀሩት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ጠዋት ዳርቻው ላይ መቆም ይበቃል፤ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱት፣ ከብት ውኃ የሚያወርዱት፣ ፎገራ ላይ ሩዝ ማሳ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው የገቡት ናቸው። ውኃው ውስጥ የሚውሉት እነሱ ናቸውና ዝርዝሩ ከነሱ ይጀምር። መድኃኒቱ ያደገውን ትል እንጂ ገና ጮርቃውን አይገድልም፤ የታከመውም ውኃው ውስጥ እንደገና ይያዛል። መጸዳጃ ቤት የሌለው መንደር፣ እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ውኃ ውስጥ ስለሚገባ፣ በየዓመቱ ኪኒን ሲውጥ ይኖራል።

ልክ አውጪው ሁሌ ፈጣን ነው ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የእንዶድን ኃይል አወቁ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ያለው የመርዛማነት ምርመራ እስኪጠናቀቅ ግን ዐሥርት ዓመታት አለፉ። ጥንቃቄው ተገቢ ነበር፤ ውድ ላቦራቶሪ ያለው ሀገር ብቻ የሚያሟላው መስፈርት ግን የኛን ዓይነቱን ግኝት ደጅ ያስጠናል። በገንዘብም ቢሆን ድርጅቱ በሰው እጅ ነው። ከአባል ሀገሮች የሚሰበሰበው ቋሚ መዋጮ የበጀቱ ትንሹ ክፍል ነው፤ የቀረው የለጋሾች ፈቃድ ነው፤ ብዙውም ለምን እንደሚውል ሰጪው ወስኖ የሚሰጠው ነው።

ዘመቻው ባለቀበት ማታ፣ ሰው ሳይበተን፣ ይህን ሥሩ። የተረከባችሁትን ኪኒን ጻፉ፤ የተዋጠውን፣ የወደቀውን፣ የተሰበረውን ግማሽ ሳይቀር ቀንሱ፤ የቀረውን በእጅ ቁጠሩ። ካልገጠመ ልዩነቱን እንዳለ መዝግቡ፤ እንዲገጥም ብላችሁ የዋጡትን ቁጥር አታስተካክሉ። የተረፈውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ጽፋችሁ ወደ ጤና ጣቢያው መልሱ።