መልስ፦ የጎሳ የሕፃናት ማቆያ መሻሻሉ በምን ይታወቃል?

የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጎሳ መንግሥት በፌዴራል ገንዘብ ለሚያካሂደው የሕፃናት ማቆያ ዓመታዊው ሪፖርት ብቻውን ይበቃ እንደሆነ ለጠየቁት፣ በእኔ አስተያየት አይበቃም። ሪፖርቱ የተገለገሉትን ልጆች ይቆጥራል እንጂ ወላጅ ልጁን ለምን እንዳስወጣ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፌዴራል የሕፃናት ማቆያ ድጋፍ ሕግ ኮንግረስ በየዓመቱ በዚህ ሕግ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 2 በመቶው ለጎሳዎች እንዲሰጥ አድርጓል፤ ዕቅዱ ግን የሚቀርበው በየ3 ዓመቱ በመሆኑ፣ አስገብቶ ፋይሉን መዝጋት ይቀላል (ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው)።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዙ፦ ወላጅ ካመለከተበት ቀን አንሥቶ ልጁ ክፍል እስኪገባ ስንት ቀን ይፈጃል? ከመዝገቡ 10 ማመልከቻ አውጥተው ቢያዩ፣ የዘገየው በገቢ ማረጋገጫ ወረቀት ይሁን በሞግዚት እጥረት ይለያል፤ ከዚያም አንዱን ነገር ብቻ ለውጠው ከ3 ወር በኋላ ደግመው ይቁጠሩ።

የጎሳውን ቋንቋ ማስተማርም በዕቅዱ ላይ በመጻፉ አይመዘንም። ቁርስ ሲቀርብ በር ላይ ቆም ብለው፣ ሞግዚቷ ወተቱን በየትኛው ቋንቋ እንደምትጠራውና ልጆቹ በምን እንደሚመልሱላት ያዳምጡ። ከዚህ የፌዴራል ገንዘብ አነስተኛ ድርሻ የሚያገኙ ጎሳዎች ከበርካታ ግዴታዎች ነፃ ስለሆኑ፣ የእናንተም ከእነዚያ ከሆነ የተረፈውን ጊዜ ለዚህ አውሉት።