«በርጫ ከቀረሁ የድሬ ልጅ አይደለሁም?»

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። የ27 ዓመት ወጣት ስሆን ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ከልጅነት ጓደኞቼ ጋር ጫት እየቃምን በርጫ እቀመጣለሁ። ስመረቅን፣ ማለትም ጫቱ ሲያነቃቃኝ፣ የከዚራ ሰፈርን የባቡር ዘመን ቤቶች ስዬ ኤግዚቢሽን እንደማሳይ፣ ሥራዬንም እንደምለቅ አወራለሁ። ማታ የጫቱ ኃይል አልቆ ዱካኩ፣ ያ የድብርት ስሜት፣ ሲመጣ ግን ደብተሬን የምከፍትበት አቅም አጣለሁ። ለጥቂት ጊዜ ብቀር ጓደኞቼ «ዋርያ፣ ኮራህብን እንዴ? የድሬ ልጅ አይደለህም?» አሉኝ፤ ታላቅ ወንድሜም ከሰው እንዳልለይ መከረኝ። እውነተኛው እኔ የትኛው ነው? ሲመረቅን የሚናገረው ወይስ ቤቱ ተቀምጦ ዝም የሚለው?
ስሜ ይቆይ፤ ከሳቢያን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ የሚሉት ነገር እውነት አለው። ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ሱቁም በሚዘጋበት ሰዓት በድሬዳዋ በርጫ ማለት ቅጠል መቃም ብቻ አይደለም። ወሬ የሚሰማው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የሥራ ጥቆማ የሚገኘው፣ ለሠርግ የሚዋጣው ገንዘብ የሚታሰበው እዚያው ፍራሽ ላይ ነው። ስለዚህ መቅረት ያስፈራዎት ፈሪ ስለሆኑ አይደለም፤ የሚያጡት ነገር ስላለ ነው።

«የድሬ ልጅ አይደለህም?» የሚለው ወቀሳ ግን ከከተማዋ ታሪክ ጋር አይገጥምም። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ እያንዳንዱ ጸሎቱንና ገበታውን ይዞ ገብቶባታል። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ የከዚራ ጥላ ያለው ሰፊ መንገድ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የመጋላ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ አንዱ ሌላውን ምሰል ሳይለው ሁለቱም ድሬ ተብለዋል። ዕድሜ ልካቸውን ጫት ያልቀመሱ እናቶችን ድሬነታቸውን የሚጠይቃቸው ማን ነው?

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ሁለቱም ሰዎች ሙሉ ምስክር አይደሉም። በእርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ወሬንና በራስ መተማመንን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ደግሞ ስሜትን ይጥላል፣ እንቅልፍንም ይነሣል። ቅጠሉ በደረቀ መጠን ንጥረ ነገሩ ስለሚዳከም ነው ከአወዳይ ከተማ የሚጫነው ጫት በዚያ ሁሉ ጥድፊያ የሚጓጓዘው። በምርቃና የተሠሩት ፎቆች ሁሉ ቆመው ቢሆን ኖሮ ድሬ ጥላ ባልቸገራት ነበር። በዱካክ ሰዓት «ምንም አልረባም» የሚለውም ድምፅ የዚያው ንጥረ ነገር ጀርባ ስለሆነ ከምርቃናው ንግግር ይበልጥ አይታመንም። እኔ የምጠይቀው ሦስተኛውን ሰው ነው፤ ከቁርስ በፊት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት ከዚራ ሄዶ አንዲት የመስኮት መዝጊያ ስሎ፣ መስመሩ ስለጠመመበት በማግስቱ እንደገና የሚመለሰውን። ያ ሰው ከተገኘ ሥዕሉ የእርስዎ ነው። ካልተገኘም አይዘኑ፤ ምናልባት የወደዱት ሥዕሉን ሳይሆን ስለ ሥዕል ማውራቱን ይሆናል፤ ይህንንም ሥራ ከመልቀቅ በፊት ማወቅ ይሻላል። እዚህ ላይ ጥብቅ ልሁን፤ አለመቃም ብቻውን ማንነት አይሆንም። በርጫን ትተው ባዶ ከሰዓት ብቻ ከያዙ፣ ጓደኞችዎ ሳይጎትቱዎት ራስዎ ይመለሳሉ።

ጫናውን በተመለከተ፣ ሰለሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ያደረገው ሙከራ ይጠቅመዎታል። ተሳታፊው የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድር ይጠየቃል፤ አብረውት የተቀመጡት ግን አስቀድመው የተመከሩ ስለሆኑ በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ከተሳታፊዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ቡድኑን ተከትለዋል። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ተከታይነቱ በእጅጉ ቀነሰ። እርስዎም ጀመዓውን፣ አብሮ የሚቅመውን ቡድን፣ በሙሉ ለማሳመን አይድከሙ፤ «ደብተሩን እስቲ አሳየኝ» ያለ አንድ ጓደኛ ካለ እሱን ለብቻው ጠዋት ቡና ጠጥተው ያነጋግሩት።

ሐራራው፣ የጫት አምሮቱ፣ እስኪበርድ ድረስ ከበርጫው ክፍል ራቅ ይበሉ፤ ገረባ (የተቃመ ጫት ትርፍራፊ) ተከምሮ፣ ዕጣን እየጨሰ ሻይ ብቻ እጠጣለሁ ማለት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን መፈተን ነው። እንቅልፍ ማጣቱና ድባቴው ካልለቀቀዎት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ሲመለሱም ስለ ጫት ጉዳት አይስበኩ፤ ሰላምታ ሰጥተው፣ ጥቂት ተጫውተው ይውጡ።

ለወንድምዎ ስጋት የሚሰጡት መልስ ለቅሶ ላይ ቀድመው መገኘት፣ መዋጮዎን በወቅቱ መክፈል፣ የታመመ ጓደኛ መጠየቅ ይሁን። እነዚህን እስካላጓደሉ ድረስ ከሰዓት በኋላ የት እንደዋሉ በየቀኑ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።