«ብርድ ነው» የሚባለው እሳት

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ቁርጥማት ናቸው። ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉትን፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎች የሚያጠቃበትን በሽታ የሚመለከቱትን መርጫለሁ።

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የበግ ጠጉር ስትፈትል ኖራለች። አሁን ጠዋት ጠዋት እንዝርቱ ከእጇ ይወድቃል፤ ረፋድ ላይ ይለቃታል። ጎረቤት ‹ብርድ ነው› ይላል።» (ከመሐል ሜዳ)

ባና መደረቡ መልካም ነው፤ ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላልና። በሽታውን ግን ብርድ አያመጣውም፤ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚኖር ሰውም ይይዘዋል። ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል። የእናትዎን ሁለቱንም እጆች በብርሃን ይዩ። ቡጢ ሲጨብጡ በጣቶች ሥር ባሉት አንጓዎች መካከል የሚታየው ጎድጓዳ በእብጠት ተሞልቷል? እብጠቱ ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል? የጠዋቱ መተሳሰር 1 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል? እንዲህ ከሆነ እስከ መስከረም እንጠብቅ አይበሉ፤ በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ይውሰዷቸው። አንዴ የተበላ አጥንት አይመለስም።

«ከበሽታ ሊጠብቀን የተሰጠን መከላከያ እንዴት የራሳችንን አካል ያጠቃል?» (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

ጣትዎን እሾህ ሲወጋዎ ቦታው ይግላል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። ይህ ብግነት አብረውን የሚወለዱት የመጀመሪያዎቹ ዘቦች ሥራ ነው፤ በቀናት ውስጥም ይበርዳል። በሩማቶይድ ግን እሳቱ አይጠፋም። መገጣጠሚያውን ከውስጥ በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ውስጥ ከእነዚሁ ዘቦች መካከል ማክሮፋጅ የተባሉት ሴሎች ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 የተሰኙ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያለማቋረጥ ይረጫሉ። ሽፋኑ ይወፍራል፤ ሴሎቹ ልም አጥንትን የሚበላ ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ አጥንት የሚያፈርሱ ሴሎችም ይነሳሉ።

ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ጀርም ለማጥመድ የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ ይጥላሉ። በመረቡ ላይ መልካቸው የተለወጠ ፕሮቲኖች አሉ። እየተማረ የሚዋጋው ሁለተኛው ሠራዊት እነዚህን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራባቸዋል፤ ያም ተመልሶ የመጀመሪያዎቹን ዘቦች ያስቆጣል። አዙሪቱ ይህ ነው። በብዙ ሕሙማን ደም ውስጥ ይህ ፀረ እንግዳ አካል ሕመሙ ከመሰማቱ ከዓመታት በፊት ይገኛል። ሲጋራ ማጨስም አደጋውን ይጨምራል።

አንድ ነገር አደራ። እሳቱ መገጣጠሚያ ላይ ብቻ አይቀርም። መልእክተኞቹ በደም ተጉዘው ድካም ያመጣሉ፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ፣ ደም ያሳንሳሉ። ቡና ማፍላት ያቃታትን ሴት ሰነፈች የሚል ቤተሰብ በደሏል።

«ለዚሁ ቁርጥማት ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት በሳምንት 1 ቀን ብቻ ታዘዘልኝ። በየቀኑ ብውጠው ቶሎ አይሻለኝም?» (ከደብረ ሲና)

በፍጹም! በየቀኑ ከተወሰደ መቅኒን ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። የገበያ ቀንዎን መርጠው ከእርሱ ጋር ያያይዙት፤ አይረሱትም። የታዘዘልዎትን ፎሊክ አሲድ አያቋርጡ። አረቄ ይተዉ፤ ጉበትዎ ሁለቱን አይችልም። እርግዝና የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ መድኃኒቱ ጽንስ ይጎዳል።

«ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ልገባ ነው። መድኃኒቴን ላቁም?» (ከአንኮበር)

ይዘውት ይሂዱ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ብግነት አብራጅ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል።

«ቲኤንኤፍን የሚያግድ መርፌ ከመጀመሬ በፊት ለምን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ታዘዘልኝ? ሳል የለብኝም።» (ከደብረ ብርሃን)

ሐኪምዎ ልክ ናቸው። ከእነዚህ መርፌዎች አንዱ የሆነው ኢታነርሴፕት አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ብዙ እጆችን ከመኮማተር አድኗል። ነገር ግን መገጣጠሚያዎን የሚያቃጥለው ቲኤንኤፍ፣ ሳንባዎ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን የሚችለውን የነቀርሳ ባክቴሪያ አጥሮ የያዘው አጥር አካልም ነው። አጥሩ ሲላላ ባክቴሪያው ይነቃል። ስለዚህ ምንም ባያስልዎ ይመርመሩ፤ በቤትዎ በነቀርሳ የታመመ ሰው ከነበረም፣ ከዓመታት በፊት ቢሆን እንኳ፣ ሳይጠየቁ ይንገሯቸው።