ደንገጎ ላይ ሚሞቅ መኪናና የሪኮል ነገር

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከዱባይ የገባ መኪና ከገዛህ ሰባት ወርህ ነው፣ ድሬ ውስጥ ደህና ይሄዳል፣ ወደ ሀረር ሚወስደውን የደንገጎ ዳገት መውጣት ስትጀምር ግን ሙቀቱ እየጨመረ ቀዩ ጋር ይደርሳል፣ ውጭ ያለ ዘመድህ ደሞ ኩባንያው ይሄን ሞዴል በሞተር ሙቀት ምክንያት ሪኮል አድርጎታል፣ ማለትም ጉድለት አለበት ብሎ በነጻ ለማስተካከል ጠርቶታል አለህ፣ እዚህ ያለው መካኒክ ግን "ሪኮል እዚህ ሀገር አይሰራም፣ ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው ይቀዘቅዝልሃል" ብሎሃል። ማንን ልስማ ነው ጥያቄህ። አቦ ቴርሞስታቱን (ወደ ራዲያተሩ ሚሄደውን ውሃ ሚከፍትና ሚዘጋውን እቃ) አታስወጣ፣ መጀመሪያ እሱን ልበልህ። ሌላውን ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለው ምክንያቱም እኔ አንተ ያለህበት ቦታ ላይ ነበርኩ፣ ያኔ ሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሞተር እስከማስወረድ ደርሻለው።

የኔም ከዱባይ የገባ ነው፣ የኩባንያውን ስም ልተወው። ገዝቼው አመት ሳይሞላው ታህሳስ 18 ከሰአት እናቴንና ሁለት እህቶቼን ይዤ ለቁልቢ ገብርኤል ወጣን። የዛን ሰሞን መንገዱን ታውቀዋለህ፣ መኪና ከመኪና ተነካክቶ ነው ሚሄደው፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን፣ እናቴ ወበቅ ስለማትችል ኤሲ ከፍቼ፣ ዳገቱን ሳናጋምስ ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) ላይ የሙቀቱ ቀይ መብራት በራ ወዲያው ከኮፈኑ ስር እንፋሎት መውጣት ጀመረ። ኩርባው ላይ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ እህቴ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደረገች፣ ከአወዳይ ጫት ጭኖ ሚወርደው አይሱዙ ባጠገባችን ባለፈ ቁጥር መኪናው ይነቃነቃል። አንድ ልጅ ሊረዳን መጥቶ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ሊፈታው ሲል ውሃው ፈንድቶ ክንዱን እስከ ክርኑ አቃጠለው። ሀኪም ቤት ወስደነው ዳነ ግን ጠባሳው አለ፣ ባገኘሁት ቁጥር አየዋለው፣ አስቁሜው ቢሆን ኖሮ እላለው። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰአት ሳይሞላው ክዳን ሚነካ ሰው ካየህ እጁን ያዘው። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አታፍስ፣ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማለት ነው፣ አልሙኒየም ስለሆነ ባንዴ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል።

ከዛ በኋላ ያደረኩት ሁሉ ስህተት ነበር። ጋራዥ ወሰድኩት፣ ቴርሞስታቱን አውጥተው ጣሉት፣ ወደ ሽንሌ መስመር ስሞክረው እውነትም ቀዘቀዘ፣ ደስ አለኝ። ወር ሳይሞላ ደንገጎ ላይ ደገመኝ። ራዲያተሩ ተደፍኗል ተባልኩ፣ ራዲያተር ቀየርኩ። አሁንም ደገመኝ። ለሶስተኛ ጊዜ ሲግል የዘይት ክዳኑን ስከፍት ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል፣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፣ ቴስታታው ተጣሞ ጋስኬቱን (ከስሩ ያለውን ማሸጊያ) በልቶታል። ቴስታታ ወርዶ ሬቲፊካ፣ ሞተር ሚሞረድበት ቤት፣ ሄደ፣ ጋስኬት፣ ዘይት፣ የእጅ ዋጋ፣ ሁሉም ሲደመር ከመቶ ሺህ ብር በላይ ወጣብኝ፣ ያ ሁሉ ሲሆን ዋናው ችግር ግን አልተነካም ነበር።

ችግሩን ያገኘነው በፍጥነቱ ነው። አንተም እቺን አስተውል። ሽንሌ መስመር ሜዳ ላይ በ80 ስትሄድ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩ ውስጥ ስለሚያልፍ ፋኑ ባይሰራም አይታወቅህም። ደንገጎ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ በ20 ስትጎተት ግን ንፋስ ሚሰጥህ ፋኑ ብቻ ነው፣ ሞተሩ ደሞ በሙሉ ጉልበቱ እየሰራ ነው፣ ኤሲው ደሞ ተጨማሪ ሙቀት ራዲያተሩ ፊት ላይ ያራግፋል። የኔ መኪና ላይ ፋኑን የሚያዘው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሳጥን አለች፣ እሷ ስትግል ታቆመዋለች፣ ስትቀዘቅዝ መልሳ ታስነሳዋለች፣ ጋራዥ ስንደርስ ፋኑ ሁሌም እየዞረ ስለሚገኝ ማንም አልጠረጠረውም። አንድ ጓደኛዬ ከመሪው ስር ሚሰካ የኦቢዲ ማንበቢያ፣ የመኪናውን ኮምፒውተር ሚያነብ እቃ፣ አምጥቶ ስልኬ ላይ የሞተሩን ሙቀት በዲግሪ እያየን ወጣን። ክሩስኮቶው ላይ ምንም ለውጥ ሳይታይ ቁጥሩ 98፣ 104፣ 110 እያለ ሲወጣ አየነው፣ ወርደን ስናይ ፋኑ ቆሟል። የዘንድሮ መኪኖች መርፌያቸው መሀል ላይ ብዙ ይቆያል፣ አንዳንዱ ጭራሽ መርፌ የለውም ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው፣ ቀዩ እስኪበራ ከጠበክ ዘግይተሃል።

ቴርሞስታቱን ለምን አታስወጣ እንዳልኩህ አሁን ይገባሃል። እሱ በር ነው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ይዘጋል፣ 80 ምናምን ዲግሪ ላይ ይከፈታል። ስታወጣው ሜዳ ላይ ሞተሩ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሰራል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ሞተሩም ቶሎ ያልቃል፣ ዳገት ላይ ደሞ ፋን ካልሰራ ውሃው እንደፈለገ ቢዞር ሙቀቱን ሚቀበለው የለም። ሌላው ደሞ ሪኮል ያለበት መኪና ላይ ክፍል ካወጣህ ኋላ "እናንተ ነካክታችሁት ነው" ለማለት መንገድ ትከፍትላቸዋለህ።

አሁን ወደ ሪኮሉ። ኩባንያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የተሰሩ መኪኖች ላይ አደጋ ሊያመጣ የሚችል ጉድለት ሲያገኝ ለመንግስት ያሳውቃል፣ ባለቤቶቹን ይጠራል፣ በነጻ ያስተካክላል። ደብዳቤው ሚሄደው ግን መኪናው በተመዘገበበት ሀገር ላለው ባለቤት ነው። ያንተና የኔ መኪና ዱባይ ተሸጦ፣ መርከብ ተጭኖ፣ በጅቡቲ አድርጎ ድሬ ገብቷል፣ ደብዳቤው ግን እዛ ሀገር ላለ ድሮ ለሸጠው ሰውዬ ነው ሚደርሰው። ማንም ፈልጎ አይነግርህም፣ ራስህ ነህ ምትፈልገው። ሞዴሉን በማወቅ ብቻም አያልቅም፣ የአንድ አመት አንድ አይነት ሁለት መኪና አንዱ ሪኮል ውስጥ ሊኖር ሌላው ላይኖር ይችላል፣ የሚለየው ሻንሲ ቁጥሩ፣ የእያንዳንዱ መኪና መለያ ቁጥር፣ ነው።

ሊብሬህ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመን፣ ፊት መስታወቱ ስር በሹፌሩ በኩል ወይ በሩ ምሰሶ ላይ ካለው ጋር አስተያየው። 17 ፊደልና ቁጥር ነው መሆን ያለበት። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ሻንሲ ቁጥር ውስጥ በፍጹም አይገቡም፣ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው፣ ስለዚህ ሊብሬህ ላይ ኦ ካየህ ዜሮ ነው በስህተት የተገለበጠው። የኔ እንደዛ ነበር፣ ሁለት ሳምንት "አልተገኘም" ሲለኝ የቆየው በሷ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ፊደል የት እንደተሰራ ይነግርሃል፣ ጄ ከሆነ ጃፓን፣ ኬ ኮሪያ፣ ኤል ቻይና፣ ኤም ኤ ብሎ ከጀመረ ህንድ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሰራ አሮጌ ቪትዝ ምናምን ያለው ሰው ካለ ደሞ የሱ 17 አይሞላም፣ መሀሉ ላይ ሰረዝ ያለው አጭር ቁጥር ነው፣ እሱ ሚፈለገው በኩባንያው የጃፓን ገጽ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው፣ የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብቶ ምንም ሳይመጣለት ሲቀር "ነጻ ነው" ብሎ ይተወዋል። ያ ገጽ ለአሜሪካ ገበያ ለተሰሩ መኪኖች ነው፣ ለገልፍ የተሰራውን አያሳይህም። አንተ መጀመሪያ የኩባንያውን የመካከለኛው ምስራቅ ገጽ እይ፣ ከዛ የኤምሬትስ ኢኮኖሚና ቱሪዝም ሚኒስቴርና የሳኡዲ ንግድ ሚኒስቴር የሪኮል ገጾች አሏቸው፣ በአረብኛም በእንግሊዝኛም ናቸው፣ አረብኛ ሚያነብ ሰው ደሞ ድሬ ላይ አታጣም። እኔ የአክስቴ ልጅ እዛ ስለሚሰራ ቁጥሩን በዋትሳፕ ልኬለት ኩባንያው ቢሮ በአካል ሄዶ አስጠየቀልኝ፣ በአንድ ቀን መልስ መጣ፣ የፋኑ ሳጥን ሪኮል ላይ ናት ያልተቀየረላት መኪና ናት ተባለ። ቴስታታዬ ከወረደ ከአራት ወር በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ያስተካክሉታል ወይ ላልከው፣ እውነቱን ልንገርህ ልፋት አለው። አዲስ አበባ ያለው ወኪል መጀመሪያ "እኛ ያስገባነው መኪና አይደለም" ብሎ መለሰኝ። በስልክ ስለነበር በቃ ተዘጋ። ሁለተኛ ጊዜ በኢሜይል ጻፍኩ፣ ሻንሲ ቁጥሩን፣ የሪኮሉን ቁጥር፣ የሊብሬውን ፎቶ፣ የኦቢዲውን ስክሪን ፎቶ አያይዤ፣ ለወኪሉም ለኩባንያው የገልፍ ቢሮም ባንድ ላይ። በጽሁፍ ሲሆን መልሳቸው ሌላ ነው። አራት ወር ፈጀ ግን ሳጥኗ በነጻ መጣች፣ የመግጠሚያውን የእጅ ዋጋ እኔ ከፈልኩ። በፊት ያወጣሁትን ገንዘብ ስጠይቅ ደረሰኝና የተቀየረውን አሮጌ እቃ አምጣ አሉኝ፣ ደረሰኝ አልተቀበልኩም፣ አሮጌውን ራዲያተር ጋራዥ ትቼው ሄጃለው፣ ምን ላቅርብ። አንተ ገና ምንም ስላላስነካህ እድለኛ ነህ፣ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ደረሰኝ ያዝ፣ ሚወልቅ እቃ ካለ በፌስታል አድርገህ ቤትህ አስቀምጥ፣ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ጻፍበት።

ይሄን ያህል ምለፈልፈው ነገሩ ከመዘግየት በላይ ስለሆነ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ ፎርድ ኩጋ የሚባለው ባለ 1.6 ሞተር መኪና በተደጋጋሚ በእሳት ተያይዞ በፈረንጆቹ ጥር 2017 ኩባንያው 4,556 መኪኖችን ጠርቷል። የተሰጠው ምክንያት የማቀዝቀዣው ውሃ በደንብ አለመዞሩ ነው፣ ሞተሩ ሲግል ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ዘይት ይፈሳል፣ የጋለ ሞተር ላይ ያረፈ ዘይት ይቀጣጠላል። አንድ ሰው ኩጋው ውስጥ ተቃጥሎ ሞቷል፣ የሱ መኪና እሳት መንስኤ ግን አከራካሪ ነበር። እኔ ያን ቀን ኩርባው ላይ እናቴን ይዤ ቆሜ ነበር፣ ይሄን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በኛ አቆጣጠር በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደሞ ያለንን መኪና ነው ይዘን ምንቆየው፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሪኮሉም አብሮት ይዞራል። ስትሸጠው ለገዢው ንገረው፣ ደላላው "ዋጋ ይጥልብሃል ዝም በል" ይልሃል፣ አትስማው፣ ነገ ሀረር ልጆቹን ይዞ ሚወጣ ሰው ነው ሚገዛህ።

እስኪስተካከል ድረስ ያለው ነገር ብዙ አይደለም። ዳገት ላይ ኤሲ አትክፈት፣ ሙቀቱ መውጣት ሲጀምር ይልቅ የውስጡን ማሞቂያ እስከመጨረሻው ክፈት፣ ላብ በላብ ትሆናለህ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀበላል፣ ዳር ይዘህ ቁም፣ ቀዩ ከበራ ወይ እንፋሎት ካየህ ወዲያው አጥፋ፣ ሰው ካለ አውርደህ ከመንገዱ ራቅ አድርጋቸው። የቧንቧ ውሃ ብቻ ራዲያተር ውስጥ አትጨምር፣ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ሚሰራውን ነጭ ቅርፊት ታውቀዋለህ፣ ራዲያተርም ውስጥ ያንኑ ነው ሚሰራው፣ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በዲስቲልድ ውሃ በጥብጠህ ሙላ። የራዲያተሩን ክዳንም እይ፣ ላስቲኩ ከደረቀ ቀይረው፣ ርካሽ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ በ20 ኪሎሜትር ገደማ ውስጥ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ታወጣሃለች፣ እዛ ላይ ክፍት ውሃ ገና 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ከዛ በላይ ሳይፈላ ሚያቆየው ክዳኑ ሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካላፈነ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳን ይፈላብሃል።

አሁን ሻንሲ ቁጥሩን ከመስታወቱ ስር ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ፊት አትለጥፈው። ለአክስቴ ልጅ ዛሬ ማታ እልክለታለው። ከዚራ ነኝ፣ ኦቢዲዋም እኔ ጋር አለች፣ ቅዳሜ ከሰአት ከተመቸህ አብረን ቀስ ብለን እንወጣለን፣ ፋኑ ሲቆም ማየት ያለብን በሙቀት ሰአት ስለሆነ ጠዋት አይሆንም። ኤሲ ዘግተን፣ ሌላ ሰው ሳንጭን፣ ቁጥሩ 105 ካለፈ እዛው ቆመን አቀዝቅዘን እንመለሳለን።