ከአምልኮ በኋላ ያለው ሰዓት፦ የሳምንቱ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መጪው እሁድ አምልኮና ከሱ ስለሚቀጥለው የኅብረት ጊዜ ናቸው፣ እንዳመጣጣቸው ልመልስ።

ሰዓቱን ጠብቄ ልድረስ ወይስ ቀደም ልበል?

ቀደም በል። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

የጌታ እራት ላይ ልጆች ይካፈላሉ ወይ?

እንደየቤተክርስቲያኑ ይለያያል፣ ፓስተርህን ጠይቅ።

አንድ ወንድም ስብከት ሲረዝም እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ኃጢአት ነው ወይ ይላል።

የሐዋርያት ሥራ 20 ላይ ጳውሎስ ጢሮአዳ በምትባል ከተማ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር አውጤኪስ የሚባል ልጅ መስኮት ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶት ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ፣ ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው እንጂ ሲቆጣው አናነብም። አንተ ግን ቅዳሜ ማታ በጊዜ ተኛ።

ሦስት እሁድ መጣሁ፣ በር ላይ እንኳን ደህና መጣሽ ከሚለው ሰው በቀር ስሜን የጠየቀኝ የለም፣ አሁን ከአምልኮ በኋላ ኅብረት አለ ተብሏል፣ ማንንም አላውቅም፣ ልቆይ ወይስ ልሂድ?

ቆዪ እህቴ። መልሱ ግን ላንቺ ብቻ መሆን የለበትም፣ ይሄ ነገር ሁሌ ነው የሚያንገበግበኝ። እኔም አንድ ጊዜ አዲስ ቦታ ሄጄ፣ አምልኮው አልቆ ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ጋር ክብ ሰርቶ ሲያወራ፣ ግድግዳ ተደግፌ የፕሮግራሙን ወረቀት ደግሜ ደጋግሜ አነብ ነበር፣ ማንበቡ ሲሰለቸኝ ሳጥፈው ሳጥፈው የአውራ ጣቴን ጥፍር አከለ። አንዲት እናት መጡና ወረቀቱን ከእጄ ወስደው "ከማን ጋር ነው የመጣኸው?" አሉኝ። ብቻዬን ስላቸው "እንግዲያው ከኔ ጋር ነህ" አሉ። በሚቀጥለው እሁድ የሄድኩት እውነቱን ለመናገር እሳቸውን ፍለጋ ነው።

የሐዋርያት ሥራ 2፥42 የመጀመሪያዎቹ አማኞች በምን ይተጉ እንደነበር ሲዘረዝር ኅብረትን ከትምህርት፣ እንጀራ ከመቁረስና ከጸሎት እኩል ነው ያስቀመጠው። 1ኛ ቆሮንቶስ 11 ደግሞ ተመልከቱት፣ አብረው ሊበሉ ተሰብስበው አንዱ ይራባል ሌላው ይሰክራል፣ ጳውሎስ በዚህ በጣም አዝኖ ነው "እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ" ያላቸው። ስለዚ ነባር አባላት፣ እሁድ ከጓደኞቻችሁ ጋር ጨዋታ ከመጀመራችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ብቻውን የቆመ ሰው ፈልጉና ስሙን ጠይቁ፣ በሳምንቱ ደግሞ በስሙ ጠርታችሁ ሰላም በሉት፣ ሁለተኛው ካልተደረገ የመጀመሪያው ብዙም አይጠቅምም።

በላይቭ መከታተል ለምጄ መሄድ ከበደኝ፣ እናቴም አልጋ ላይ ስለሆነች በላይቭ ነው የምታመልከው፣ እና ልዩነቱ ምንድነው?

ልዩነቱማ እሷ መሄድ አትችልም፣ አንተ ትችላለህ። የጥንቱ የክርስትና መምህር ሰማዕቱ ዮስቲኖስ እ.ኤ.አ. በ155 አካባቢ የእሁዱን ስብሰባ ሲገልጽ፣ ንባቡን፣ ስብከቱን፣ ጸሎቱን፣ ኅብስትና ጽዋውን ይነግረንና ያልተገኙትን ድርሻቸውን ዲያቆናት ይወስዱላቸዋል ይላል። የቀረ ሰው ይታወቅ ነበር ማለት ነው። አንተ እሁድ ሂድ፣ ስትመለስ ሁለት ሦስት ሰው ይዘህ እናትህ አልጋ አጠገብ አንድ መዝሙር ዘምሩላት፣ ስልኩን አጥፉት።

ኳየር ውስጥ ከአንዷ ጋር ተኳርፈናል፣ እሁድ አብረን ነው የምንመራው።

ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። እሁድ ጠዋት ማይክ ስትቀባበሉ አይሆንም፣ ዛሬ ደውዪላት። እምቢ ካለች ሽማግሌዎች ይግቡበት።

የመጨረሻዋ እህት ሰው በበዛበት አዳራሽ ልቧ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ሰዎች እምነትሽ ስለደከመ ነው ብለዋታል።

እንደዚህ ያሉሽን አትስሚ። ይሄ ሐኪም ማየት ያለበት ነገር ነው፣ ልብሽንም ይመርምሩልሽ፣ ጭንቀት ከሆነም ሕክምና አለው። መጸለይሽን ቀጥዪ፣ ግን ቀጠሮውን በዚሁ ሳምንት ያዢ፣ ለነገ አትበዪ። እሁድ መምጣት ካማረሽ በሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ ለምታምኛት አንዲት ሰው ቀድመሽ ንገሪያትና ስትወጪ ተከትላሽ ትውጣ።