ፋብሪካው ተዘጋ እንጂ ሰፈሩ ሥራ አልፈታም

ሰሞኑን አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ መልእክት ላከችልኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቷ የመረጠችው ድሮ የፋብሪካ ሰፈር የነበረ ቦታ ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ ቆይተዋል፤ ቦታው ባዶ ነው። ምን ላስገባበት?»

ጥያቄው ክፋት የለውም። በየዓመቱ የሚጠየቅ ነው። ግን መልስ ልጽፍላት ቁጭ ስል አንድ የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው። ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ የምሠራበት ቢሮ አንድ የተዘጋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ተቀበለ። ባለንብረቱ ግቢውን አፓርትመንትና የገበያ ማዕከል ሊያደርገው ነው። መጀመሪያ ግን ያለው ሁሉ መለካት አለበት። እኔና አንድ ባልደረባዬ ሜትርና ወረቀት ይዘን ተላክን። የሌዘር መለኪያ የሚባል ነገር አናውቅም። አንዳችን የሜትሩን ጫፍ እንይዛለን፣ ሌላችን ቁጥሩን ጮክ ብለን እንጠራለን፣ እንጽፋለን። ማታ ቤት ስንገባ ከአፍንጫችን የሚወጣው አቧራ ጥቁር ነበር። ባልደረባዬ የእጅ ጽሑፉ የሚያስቀና ልጅ ነበር። በኋላ ሙያውን ትቶ ነጋዴ ሆነ፤ ከእኔ የተሻለ ኑሮም አለው። እሱ ሌላ ወሬ ነው።

በሩ ላይ አንድ አዛውንት ጥበቃ ነበሩ። አባባ ነበር የምንላቸው። ፋብሪካው በሚሠራበት ዘመን የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ሲዘጋ ሌላው ሁሉ ተበተነ፣ እሳቸው ግቢውን እንዲጠብቁ ቀሩ። መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው ያዩን ነበር። አንድ ቀን ግን ወደ እኔ ጠጋ አሉና «አንተ ልጅ፣ ግድግዳ ስትለካ ትውላለህ። ለምን እዚያ እንደቆመ ግን አንድም ቀን አልጠየቅከኝም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ግቢውን በእሳቸው እግር ነው ያየሁት።

የሽመናው አዳራሽ ለምን መሬት ላይ እንደተሠራ ነገሩኝ። በመቶ የሚቆጠሩ የሽመና ማሽኖች አንድ ላይ ሲመቱ ሕንፃው ይንቀጠቀጣል፤ ፎቅ ላይ ቢሆኑ አይቻሉም። ፈትሉ ክፍል ውስጥ ደግሞ መስኮቱ የማይከፈተው ለቁጠባ መስሎኝ ነበር። ለካ አየሩ ከደረቀ ክሩ ይበጣጠሳል። ክፍሉ ሆን ተብሎ እርጥብ ተደርጎ ነው የሚያዘው። እንደ መጋዝ ጥርስ የሚሄደው ጣሪያም መስታወቱ ፀሐይ ወደማትመጣበት አቅጣጫ የዞረው በምክንያት ነው። ሸማኔው ቀኑን ሙሉ እኩል ብርሃን እንዲያገኝ፣ ጥላና ነጸብራቅ ዓይኑን እንዳያወናብደው። እኔ ያንን ጣሪያ በትምህርት ቤት ደጋግሜ ስዬዋለሁ። ፋብሪካ ሲሳል እንደዚያ ስለሚሳል ብቻ።

ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ቆርቆሮ የለበሱ ሼዶች ነበሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ባለንብረቱ ለትንንሽ ባለሙያዎች አከራይቷቸው ኖሯል። አናጢ አለ። በያጅ አለ። የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልል አለ። ሶፋ የሚያለብስ አለ። በያጁ እግሩን ይሠራል፣ አናጢው ገላውን፣ አልባሹ ይጨርሰዋል። አንድ ወንበር ከግቢው ሳይወጣ ያልቅ ነበር። የአናጢው ማሽን ሲበላሽ ሞተር ጠቅላዩ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣል። አንዱ ገንዘብ ሲያጥረው ሌላው በዱቤ ይሠራለታል። ይህን ሁሉ ማንም አላቀደውም። ኪራዩ ርካሽ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሩ ሰፊ፣ መብራቱም ትልልቅ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሦስት ፌዝ ስለሆነ ብቻ የበቀለ ነገር ነው።

በመጨረሻ አባባ ወደ ማቅለሚያው ክፍል ጓሮ ወሰዱኝ። ሳር እንኳ ቸገር ብሎት የበቀለበት ባዶ ሜዳ ነበር። በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና «እዚህ እንዳትቆፍሩ» አሉኝ። ቱቦው ከመዘርጋቱ በፊት የቀለሙ እጣቢ ለዓመታት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲደፋ ኖሯል። ኋላ አፈር ተመለሰበትና ተረሳ። በየትኛውም ፕላን ላይ የለም።

ሁሉንም በደብተር ጻፍኩ። ሼዶቹን ከነሥራቸው፣ ጉድጓዱን ከነቦታው። ለአለቃችን ሰጠሁት። ገለጥ ገለጥ አደረገና «የታዘዝነው ሥዕል ነው እንጂ ተረት አይደለም» አለኝ። ደብተሩ መሳቢያ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። በመጨረሻው ሥዕል ላይ ሼዶቹ «የሚፈርስ» ተብለው በሰረዝ መስመር ተሳሉ። የመሬት ውስጥ መኪና ማቆሚያው ደግሞ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ልክ እዚያ ጓሮ ላይ።

ቁፋሮው ሲጀመር ሰማያዊና ጥቁር አፈር ወጣ። ሽታው አይነገርም። ሥራው ቆመ። አፈሩ ተመረመረ፣ ተጭኖ ራቅ ወዳለ ቦታ ተወሰደ፣ ወጪው ናረ። ባለንብረቱ ያወጣውን ለመመለስ አፓርትመንት ጨመረ። የመሬቱ ወለል ላይ ለአነስተኛ ዎርክሾፖች የተተወ ትንሽ ክፍል ነበር፤ እኔ ከፕሮጀክቱ ሁሉ የምወደው እሱን ብቻ ነበር። እሱ ተሰረዘ። ባለሙያዎቹም አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ፣ ከተማው ዳር ተበተኑ። አናጢው በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶኝ የወንበር እግር ፍለጋ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅበት ነገረኝ።

ያኔ ለምን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አልተናገርክም የሚሉኝ አሉ። ጀማሪ ነበርኩ፤ ማን ሊሰማኝ? እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አባባን ዳግመኛ አላገኘኋቸውም። ግቢው ሲፈርስ እሳቸውም ሄዱ፣ የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ያሉት ሁሉ ልክ እንደነበር የነገራቸው ሰው የለም።

እና ልጄ፣ ቦታሽ ባዶ አይመስለኝም። ሄደሽ እዪው። ከሰዓት በኋላ ብቻ ሳይሆን ጠዋት ጭነት ሲገባና ሲወጣም እዪው። ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ አርክቴክቷ ሊና ቦ ባርዲ የተዘጋ የበርሜል ፋብሪካ ወደ ባህልና ስፖርት ማዕከል እንድትለውጥ ስትጠራ ግቢው ውስጥ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ፣ ቤተሰቦች ሲዝናኑ አገኘች። አሮጌዎቹን አዳራሾች አላፈረሰችም፤ እዚያ የጀመረው ሕይወት እንዲቀጥል ወሰነች። ፖምፔያ የሚባለው ይህ ማዕከል ዛሬም ሰው የሚርመሰመስበት ቦታ ነው።

ስለ ዘመኑ ተማሪዎች አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። የምታሳዩኝ ሬንደር፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራ የሕንፃ ምስል፣ ሁሉም አንድ ነው። አሮጌ የጡብ ግድግዳ፣ ከውስጡ የበቀለ ዛፍ፣ ፊኛ የያዘች ልጅ፣ ብስክሌት የሚገፋ ወጣት። ላብ የሚያልበው ሰው የለም። የሚበየድ ብረት የለም። የቆመ የጭነት መኪና የለም። ርዕሱ «አምራች ከተማ» ይላል፣ ሥዕሉ ላይ የሚመረት ነገር አይታይም። እኔ በእናንተ ዕድሜ የተሻልኩ ነበርኩ ማለቴ አይደለም። የኔ ሥዕል ላይ ሰውም አልነበረም።

ሥራና መኖሪያ የተለያዩት በክፋት አልነበረም። በ1933 (ከዚህ ጀምሮ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዘመናዊ አርክቴክቸር ጉባኤ ሰዎች ከተማን ለመኖሪያ፣ ለሥራ፣ ለመዝናኛና ለመጓጓዣ ብለው ሲከፋፍሉ የሚሸሹት እውነተኛ ጭስ ነበር። ልጆች በከሰል ጢስ የሚያስሉበት ዘመን ነው። ችግሩ ጭሱ ከሄደ በኋላም አጥሩ መቅረቱ ነው። ዛሬ ብዙው ማሽን ሳጥን ውስጥ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ከምግብ ቤት ጭስ ማውጫ የባሰ አይረብሽም። ለዚህ ነው ዩሮፓን የሚባለው የወጣት አርክቴክቶች ውድድር 14ኛ ዙሩን አምራች ከተሞች በሚል ርዕስ ያወጣው። ቪየናም በ2017 ለማምረቻ የሚሆን መሬት ከከተማዋ እንዳይጠፋ የራሷን እቅድ አወጣች። ሁሉም ሥራ ግን ጎረቤት አይሆንም። ብረት ቀጥቃጭ ከመኝታ ቤት በላይ አይቀመጥም። የትኛው ይሆናል፣ የትኛው አይሆንም የሚለውን በድምፅ፣ በንዝረት፣ በጠረንና በጭነት ለይታችሁ ካላመጣችሁ ሥራና መኖሪያ አንድ ላይ፣ ቅይጥ አገልግሎት ብላችሁ አትምጡብኝ።

ባርሴሎና ውስጥ ፖብሌኑ በሚባለው ሰፈር የሆነውን አጥኑ። በ2000 ከተማዋ 200 ሄክታር ያህል የድሮ ኢንዱስትሪ መሬት ሕጉን ለውጣ ለቴክኖሎጂና ለዕውቀት ኩባንያዎች ከፈተችው። ካን ሪካርት የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካ ውስጥ በርካታ አነስተኛ ዎርክሾፖች ነበሩ። እንዲለቁ ተደረጉ። የሰፈሩ ሰው ተቃወመ፣ ሕንፃው በቅርስነት ተያዘ። ግድግዳው ተረፈ፣ ሥራው ሄደ። ይህን ሳነብ የኛን አናጢ አስታወስኩ።

ኒው ዮርክ ውስጥ ያለው ብሩክሊን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። የአሜሪካ ባህር ኃይል መርከብ መሥሪያ ከ1801 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በ1966 ተዘጋ። ከተማው ገዛው፤ ዛሬም መሬቱ የከተማው ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ያስተዳድረዋል፣ አነስተኛና መካከለኛ አምራቾች ይከራዩታል። ይህ ቦታ የተረፈው በፋሳድ፣ በፊት ገጽታው ውበት አይደለም። መሬቱ ለአፓርትመንት ገንቢ ስላልተሸጠ ነው። አፓርትመንት ከአናጢ ጋር በኪራይ ከተወዳደረ ሁሌም አፓርትመንቱ ያሸንፋል። ስለዚህ መሬቱ የማን ነው፣ ኪራዩን ማን ይወስናል የሚለውን የፕሮጀክታችሁ አንድ ሥዕል አድርጉት። ገምጋሚዎቻችሁ ይህ አርክቴክቸር አይደለም ካሉ እኔን ጥሩኝ።

ስለ አፈሩ አልደግምም፤ አባባ ነግረዋችኋል። ግን መፍትሔው ሁሌ ቆፍሮ መጫን አይደለም። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ የመናፈሻ አርክቴክቱ ሪቻርድ ሃግ የጋዝ ፋብሪካውን ማማዎች እንዳሉ ትቶ፣ የተበከለውን አፈር በተሕዋስያን እያከመ በ1975 መናፈሻ አድርጎ ከፈተው። አምስተርዳም ውስጥ ደ ሴውቨል የሚባለው የድሮ መርከብ መጠገኛ ደግሞ አሮጌ የጀልባ ቤቶችን የብስ ላይ አውጥቶ ቢሮና ዎርክሾፕ አደረጋቸው። በመካከላቸው መርዝ ከአፈር የሚመጥጡ ተክሎች ተተከሉ። መሠረት ስላልተቆፈረ አፈሩ አልተነካም። እንዲህ ያለው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁሉንም መርዝም አያወጣም። የጋዝ ፋብሪካ ሬንጅና ሳያናይድ፣ የብረት ሥራ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ የማቅለሚያ ክሮም አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ቦታው ምን ሲያመርት እንደነበር ሳታውቁ የአፈር ምርመራ እንኳ ማዘዝ አትችሉም።

ወለሉንም እዩት። መኖሪያ ቤት ሲሠላ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ጭነት ይታሰባል። መጋዘንና ማሽን ክፍል ከሦስት እጥፍ በላይ ሊሄድ ይችላል። አሮጌ ፋብሪካ የተሸከመው ይህን ነው። ያንን ወለል በጂፕሰም ቦርድ ከፋፍሎ ስቱዲዮ አፓርትመንት ማድረግ ሀብት ማባከን ነው። ጣሊያን፣ ቱሪን ያለው የፊያት መኪና ፋብሪካ የነበረው ሊንጎቶ ሕንፃ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ጥሬ ዕቃው ከታች ይገባል፣ መኪናው ፎቅ በፎቅ እየተገጣጠመ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣሪያው ላይ ባለው መንገድ ይሞከራል። ሥራው ነው ሕንፃውን የሳለው። በ1982 ማምረት አቆመ። አርክቴክቱ ሬንዞ ፒያኖ ወደ አውደ ርዕይ፣ ገበያና ሆቴል ለወጠው። አንዱ ክፍል የቱሪን ፖሊቴክኒክ መማሪያ መሆኑ ደስ ይለኛል። ገበያው ግን የትም ያለ ገበያ ነው።

ሙዚየም አታድርጉት እላችኋለሁ። ማሽን አጥቦ መብራት ማብራት፣ ቲኬት መቁረጥ፣ ሰለቸኝ። ግን ጀርመን፣ ኤሰን ከተማ ዞልቬራይን የከሰል ማዕድን ቦታ ስሄድ አፌን ዘጋሁ። የ1932ቱ 12ኛ ጉድጓድ ማማ ሥር ቆሜ፣ በ1986 እስኪዘጋ ድረስ ስንት ከሰል በዚህ እንደወጣ ሳስብ ልቤ ተነካ። ሙዚየም ነው፣ የዓለም ቅርስም ነው፤ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ተሽጦ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ምክሬን ብዙ አትስሙ።

ልጅቷ ሌላም ጥያቄ ነበራት። «ከሳይቱ ግማሹን ምንም ሳልሠራበት ብተወው ገምጋሚዎቹ ነጥብ ይቀንሱብኛል?» ፈረንሳይ፣ ዱንከርክ ውስጥ ላካቶንና ቫሳል የሚባሉ አርክቴክቶች አሮጌውን የመርከብ ማገጣጠሚያ አዳራሽ ሥነ ጥበብ እንዲያስገቡበት ተጠሩ። እነሱ አዳራሹን ባዶውን ትተው አጠገቡ ልክ እሱን የሚያክል አዲስ ሕንፃ ሠሩ፤ የሥነ ጥበቡ ክምችት እዚያ ገባ። ትልቁ አዳራሽ ለትልልቅ ዝግጅት ተረፈ። የተዉት ግን ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ምን እንደሚችል በደንብ ካዩት በኋላ ነው። አንቺም ግማሹን ከለካሽው፣ ማን እንደሚጠቀምበት ካወቅሽ ተይው። በላክሽልኝ ሥዕል ላይ ያለውን የመግቢያ ስፋት ግን አስተካክዪ፤ በዚያ በር የጭነት መኪና አይዞርም።