190 ሺህ የሄደ ቢኤምደብሊው ወይስ 262 ሺህ የሄደ መርሴዲስ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። ዳርምሽታት ትኖራለህ፣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ትሠራለህ። እጅህ ላይ 7,500 ዩሮ አለ። ሁለት ያገለገሉ የናፍጣ መኪኖች አይተሃል። አንዱ የ2008 ቢኤምደብሊው 520ዲ ነው፤ 190 ሺህ ኪሎሜትር ሄዷል፣ 6,200 ዩሮ ይሉታል። ሌላው የ2007 መርሴዲስ ኢ 220 ሲዲአይ፣ 262 ሺህ የሄደ፣ 5,400 ዩሮ። "ኪሎሜትሩ ያነሰው አይሻልም ወይ?" ብለሃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።)

እኔ ብሆን መርሴዲሱን ነው የምወስደው። ያውም የሰርቪስ ወረቀቱ ሙሉ ከሆነና ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ ካየሁት ብቻ። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። እኔ ይህንን የተማርኩት በገንዘቤ ነው።

ጀርመን መጥቼ የገዛሁት የመጀመሪያ መኪና 120 ሺህ ይላል። አሮጌ መኪና ተደርድሮ ከሚሸጥበት ሜዳ ነው የወሰድኩት። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ሽቶ ሽቶ ይላል። ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ጠበቀኝ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። በአራተኛው ወር ጠዋት ጠዋት መነሳት እምቢ አለ። በኋላ የድሮ የምርመራ ወረቀቱን ሳገኝ ከሁለት ዓመት በፊት ብቻ 210 ሺህ አልፎ እንደነበር አየሁ። ቆጣሪው ወደኋላ ተመልሷል። ሻጩ ግን ስልኩን ዘግቶ ጠፍቷል። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን እርጉዝ ነበረች፤ ለቤት ኪራይ ያስቀመጥነው ገንዘብ ነው እዚያ መኪና ላይ ያለቀው። ስለዚህ ሰው "ኪሎሜትሩ ትንሽ ነው" ሲለኝ እስከ ዛሬ ድረስ ልቤ አይረጋም።

ከዚያ በኋላ፣ በ2013፣ ልክ አንተ ያየኸውን ዓይነት ኢ 220 ገዛሁ። ያኔ 178 ሺህ ነበር። ዛሬ 390 ሺህ አልፏል፣ አሁንም በየቀኑ ሥራ ያደርሰኛል።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንነጋገር። ናፍጣ ላንተ ይሆናል ወይ? ከቤትህ ሥራ ድረስ በኤ5 አውቶባን ነው የምትሄደው፤ ወደ 25 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ደህና ነው። ሞተሩ ይሞቃል፣ ጭሱም ይሞቃል። ያስጨነቀኝ ሌላው ያልከው ነው፦ "ባለቤቴ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርስበታለች፣ 2 ኪሎሜትር ነው።" የናፍጣ መኪናን የሚገድለው ይህ ነው።

እንዴት መሰለህ። እነዚህ መኪኖች የጭሱን ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ጥቀርሻው ሲሞላ ማጣሪያው እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ግሎ ማቃጠል አለበት። ሙቀቱን የሚያመጣው ሞተሩ ራሱ ነው፤ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል። ማቃጠሉ በተጀመረ በሦስት ደቂቃ ትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ሞተሩን ካጠፋኸው ሥራው ተቋረጠ። ያልተቃጠለው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። የዘይቱ ልክ መቀነስ ሲገባው ይጨምራል። ቀጭን ዘይት ደግሞ ቱርቦውን፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ዕቃ፣ አይጠብቅም። አየህ፣ ማጣሪያው ላይ የጀመረው ችግር ቱርቦው ላይ ያልቃል። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሥራ ቀይሬ 4 ኪሎሜትር ብቻ እየነዳሁ ማጣሪያውን ደፍኜዋለሁ። ማሳጠቢያው 380 ዩሮ ፈጀ። ስለዚህ ልጆቹ በእግር ወይ በብስክሌት ይሂዱ። ካልሆነ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ መኪናው 30 ደቂቃ አውቶባን ላይ ሳይቆም ይሂድ። ሁለቱም የማይቻል ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ቤንዚን ግዛ።

ግብሩንም አስላው። ከ2009 አጋማሽ በፊት የተመዘገበ የናፍጣ መኪና በየ100 ሲሲ የሞተር መጠኑ 15.44 ዩሮ በዓመት ይከፍላል። ለመርሴዲሱ 340 ዩሮ ገደማ ይመጣል፣ ለቢኤምደብሊው 309። በዚያው ዘመን የተመዘገበ ባለ 2 ሊትር ቤንዚን 135 ነው። በዓመት 8 ሺህ ኪሎሜትር ብቻ ለሚነዳ ሰው ናፍጣ ኪሳራ ነው። አንተ በሥራ መንገድ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ትሄዳለህ፣ ላንተ ያዋጣል።

ወደ ከተማ መግቢያ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ስቲከር ሁለቱም ያገኛሉ። ነገር ግን የዚህ ዘመን ሞተሮች በአውሮፓ የጭስ ደረጃ በአብዛኛው ዩሮ 4 ናቸው። ሽቱትጋርት ከ2019 ጀምሮ ዩሮ 4ና ከዚያ በታች ናፍጣዎችን ከልክላለች። እህትህ እዚያ ናት ብለሃልና መኪናውን ከከተማው ውጭ አቁመህ በባቡር መግባት ሊኖርብህ ነው። ከመፈረምህ በፊት የከተማዋን የወቅቱን ደንብ ተመልከት።

አሁን ወደ ሞተሮቹ። ቢኤምደብሊው ለመንዳት ደስ ይላል፣ አልክድም። መሪው ይጣፍጣል፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ችግሩ የ2008ቱ 520ዲ ሞተር ኤን47 የሚባለው መሆኑ ነው። በዚህ ሞተር የታይሚንግ ካቴናው፣ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በልክ የሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት፣ ያለው ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ በካምቢዮው በኩል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ካቴናቸው ቶሎ እንደሚያልቅ በሰፊው የታወቀ ነው። ሲያልቅ በደቂቃ 1,500 ዙር አካባቢ ብረት ከብረት የሚፋቅ ድምፅ ከሾፌሩ ፊት፣ ከግድግዳው ጀርባ ይሰማል። ለመቀየር ሞተሩን ወይም ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ነው። ለሥራው ብቻ 2,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ጋራዦች አሉ። ከተበጠሰ ደግሞ ቫልቮቹ ፒስተን ይመታሉ፣ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ካቴናው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ 190 ሺህ ሄዷል የተባለውን 520ዲ እኔ አልነካም። "ድምፅ የለውም" የሚለው ቃል አይበቃኝም። ቢኤምደብሊው የግድ ካልክ የዚያን ዘመን 530ዲ ፈልግ፤ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ካቴናው ከፊት ነው። ግብሩ ግን 463 ዩሮ ይደርሳል።

የመርሴዲሱ ሞተር ኦኤም646 ይባላል። ካቴናው ከፊት ነው፣ ጠንካራ ነው። በዚህ አገር ታክሲ ሹፌሮች ለዓመታት የነዱት ሞተር ነው። አዲስ አበባ በትልልቅ ሆቴሎች ደጅ የሚቆሙትን ቢጫ መርሴዲሶች አስታውስ። እኔ በልጅነቴ ከዚያ ውስጥ አንዱ ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ ቆሜ እሰማ ነበር። ለዚህ ሞተር ያለኝ ፍቅር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሆኖም ፍቅር ብቻውን መኪና አያስገዛም፣ ማየት ያለብህን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ለሻጩ ደውለህ "ሞተሩን እንዳታስነሳው፣ ቀዝቃዛ ላየው እፈልጋለሁ" በለው። ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ። ሙቅ ከሆነ ሰላም ብለህ ተመለስ። ቀዝቃዛ ከሆነ ቁልፉን አዙርና ማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከዚያ አስነሳ። ወዲያው መነሳት አለበት። ከተንቀጠቀጠና ነጭ ጭስ ካወጣ ከማሞቂያ ካንዴላዎቹ አንዱ ሞቷል ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ነው። ካንዴላ ርካሽ ነው፤ ግን ዕድሜው የገፋ ካንዴላ ሲፈታ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ስለዚህ የሚፈታው ሞተሩ ሞቆ ነው፣ በትዕግሥት።

ቀጥሎ የሞተሩን የላስቲክ ክዳን አንስተህ የኢንጀክተሮቹን ሥር ተመልከት። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የደረቀ ነገር ካለ፣ "ችፍ ችፍ" የሚል ድምፅም ከሰማህ፣ ከሥራቸው ያለው የመዳብ ቀለበት አልቋል። በዕድሜ የሚመጣ ነው። ቀለበቱ ራሱ ጥቂት ዩሮ ነው። ቶሎ ከተሠራ ቀላል ነው፤ ከቆየ ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው ትኩስ ጭስ የኢንጀክተሩን መቀመጫ ይበላዋል፣ ያኔ ቴስታታው ይነካል። እኔ በ240 ሺህ ላይ ሁለቱን አስቀየርኩ። መካኒኬ መቀመጫውን አጽድቶ፣ አዲስ ቡሎን አስገብቶ በአንድ ቀን ጨረሰው።

ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው ብለሃል። በዚህ ሞዴል ባለ 5 ማርሹ ነው፣ ጥሩ ካምቢዮ ነው። "ዘይቱ ዕድሜ ልክ አይቀየርም" የሚል ሰው ካጋጠመህ አትስማው። በየ60 ሺህ ኪሎሜትሩ ከነፊልትሮው ይቀየር። የካምቢዮው የኤሌክትሪክ ገመድ መግቢያ ላይ ያለው ሶኬትም ከዕድሜ ብዛት ዘይት ያፈስሳል፤ ዘይቱ በገመዱ ውስጥ እየወጣ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ድረስ ይደርሳል። ሶኬቱን አብሮ መቀየር ብዙ አያስወጣም።

ፍሬኑን በተመለከተ የ2007 መሆኑ ጠቅሞሃል። ከ2006 አጋማሽ በፊት የተሠሩት በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፍሬን ነበራቸው፤ ፓምፑ የተረገጠበትን ቁጥር እየቆጠረ ጊዜው ሲደርስ ይቀየር ይላል፣ ውድ ነው። ያንተ የተለመደው የሃይድሮሊክ ፍሬን ነው። ሴዳን መሆኑም ጥሩ ነው። ረጅሙ፣ የቤተሰብ ዓይነቱ፣ የኋላው ሞላ በአየር ይሠራል። ያ ሲያረጅ ጠዋት ስትወጣ መኪናው ኋላው ተቀምጦ ይጠብቅሃል።

ወረቀት ላይ ጥብቅ ሁን። የየሁለት ዓመቱን የቲዩፍ ምርመራ ወረቀት፣ እኛ አገር ቦሎ ለመለጠፍ እንደሚደረገው ምርመራ ያለውን፣ አሮጌዎቹን ሳይቀር ጠይቅ። በእያንዳንዱ ላይ ኪሎሜትሩ ተጽፏል። ቁጥሩ በሥርዓት ሲያድግ ካየህ 262 ሺህ አያስፈራህ። መሪው፣ የፍሬኑ መርገጫና የሾፌሩ ወንበርም ይናገራሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ ወይም ጣሪያው ላይ የገመድ ምልክት ካለ ታክሲ ነበር። ታክሲ መሆኑ ብቻውን አያስጥለውም፣ ሻጩ ከደበቀህ ግን ተወው።

ከግለሰብ ስትገዛ ዋስትናውን በውሉ ሊያስቀር ይችላል። ነጋዴ ግን ለግል ገዢ ዋስትናውን ከአንድ ዓመት በታች ማውረድ አይችልም። ከዚህ ለማምለጥ "ለኤክስፖርት ብቻ" ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እንዲህ ያለ ውል አትፈርም። ኤክስፖርት ካልን፣ "በኋላ አገር ቤት እወስደዋለሁ" ያልከውን እርሳው። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዲገባ አትፈቅድም።

መርሴዲሱን ከገዛህ 2,100 ዩሮ ይተርፍሃል። ያንን ገንዘብ ቤተሰብ ቢጠይቅህም አትንካው፣ የመኪናው ነው። በመጀመሪያው ወር የሞተር ዘይት፣ የዘይት፣ የአየርና የናፍጣ ፊልትሮ፣ የካምቢዮ ዘይት ቀይር። ኢንጀክተሮቹ ምን ያህል ናፍጣ ወደኋላ እንደሚመልሱ በጠርሙስ አስለካ፣ የአንዱ ከሌሎቹ ከበዛ እሱ ደክሟል። የሞተር ዘይቱ ዕቃው ላይ 229.51 የሚል የመርሴዲስ የዘይት ደረጃ ይሁን፤ አመዱ አነስተኛ ስለሆነ ማጣሪያውን አይደፍንም። የአምራቹ መጽሐፍ ረጅም ርቀት ይፈቅዳል፣ እኔ ግን በየ12 ሺህ እቀይራለሁ። የ390 ሺዬ ምስጢር ይህ ይመስለኛል። ታንኩ ሩብ ሲቀረው ደግሞ ሙላ።

ቅዳሜ ልታየው ትሄዳለህ ብለሃል። ከተቻለ ከመፈረምህ በፊት መኪና የሚመረምሩት አዳክ ወይም ዴክራ ዘንድ ወስደህ አስመርምረው፤ ሻጩ እምቢ ካለ እሱም መልስ ነው። ቀዝቃዛውን ሞተር ስታስነሳ በስልክህ ቪዲዮ ቅረጽ፣ የኢንጀክተሮቹን ሥር ፎቶ አንሳና እዚሁ ላክልኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።